የመጨረሻው ምሰሶ ዋጋ



ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ በይፋ ሥራ ጀመረ። በዚያው ምሽት ግን ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው በቤቱ መብራት አልነበረውም፤ አብዛኛውም የገጠር ነዋሪ ነው። ስለ ማመንጨት ብዙ ተብሏል። የዛሬው ዲስኩር የሚያነሣው ከዚያ ያነሰ የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ከዋናው መስመር እስከ ገበሬው ደጃፍ ያለችውን ርቀት ማን ይክፈላት?

«መስመሩ በማሳችን ላይ ያልፋል፣ እኛ ግን በኩራዝ ነን» የሚል ቅሬታ በገጠር የተለመደ ነው። በማሳው ላይ የሚያልፈው ሽቦ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሲሆን ወደ ቤት የሚገባው ግን 220 ነው። በመካከል ትራንስፎርመር መቆም አለበት። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ዝቅተኛ መስመር ደግሞ ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ ከተጎተተ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል፤ ጫፍ ላይ ያለው ቤት አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ምጣዱም እንጀራ አያወጣም። ስለዚህ ለየመንደሩ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩን የሚጠቀሙት 5 ቤቶች ከሆኑ ወጪው ለ5፣ 50 ከሆኑ ለ50 ይካፈላል። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር የአንዱ አባወራ ድርሻ የሚንረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍያው በምሰሶና በሽቦ አያበቃም። የቆጣሪ አለ፤ የቤት ውስጥ ዝርጋታ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሠራተኛ ዋጋ አለ። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው አንድ አምፖል እንኳ ሳይበራ፣ በአንድ ጊዜ ነው። ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ የሚገባው ግን እህል ሲሸጥ ነው።

መክፈል ያቃተው ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር ይስባል፤ በየወሩም በአምፖል ቁጥር ለጎረቤቱ ይከፍላል። በኢትዮጵያ የታሪፍ ስሌት ደግሞ ፍጆታ በጨመረ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየከበደ ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለድሃ ታስቦ የተቀመጠው ዝቅተኛ እርከን ያልፋቸዋል። ውጤቱም ቆጣሪ ለማስገባት አቅም ያጣው ሰው አቅም ካለው ይልቅ በውድ ዋጋ መግዛቱ ነው።

ይህ ጣጣ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች ከ10 ቤቶች 9ኙ ያህል መብራት ነበራቸው፤ ከ10 እርሻዎች ግን አንዱ ያህል ብቻ። የግል ኩባንያዎች ለአንድ ማይል መስመር 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቁ ነበር። ገበሬው በገዛ ገንዘቡ ያስተከለውን መስመር ለኩባንያው እንዲያስረክብ የሚገደድበት ጊዜም ነበር።

በግንቦት 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን በትእዛዝ አቋቋሙ። በዓመቱም ሴናተር ጆርጅ ኖሪስና የምክር ቤት አባሉ ሳም ሬይበርን የገፉበት ሕግ ጸደቀ። መንግሥት ራሱ ምሰሶ ተካይ አልሆነም። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ በዝቅተኛ ወለድ፣ ለረጅም ዓመታት የሚከፈል ብድር ሰጠ። አባል ለመሆን የሚከፈለው በተለምዶ 5 ዶላር ሲሆን ቀሪው ከወርሃዊ ሂሳብ ጋር ቀስ በቀስ ተከፈለ። መሐንዲሶቹ ምሰሶ አራርቆ ለመትከል የሚያስችል ጠንካራ ሽቦ ተጠቀሙ፣ አሠራሩንም ወጥ አደረጉ፤ የአንድ ማይል ወጪ ከ1,000 ዶላር በታች ወረደ። ሕጉ ለቤት ውስጥ ዝርጋታም ብድር ፈቅዶ ነበር። ቆጣሪው ደጃፍ ደርሶ ቤቱ ጨለማ እንዳይሆን ታስቦበታል ማለት ነው።

ሆኖም ብድር እንዲሰጥ በአንድ ማይል ቢያንስ 3 ደንበኞች መኖር ነበረባቸው። የማዕከላዊ ቴክሳስ ኮረብታማ አካባቢ ይህን አላሟላም። በዚያ ሴቶች ውሃ ከጉድጓድ እየጎተቱ ልብስ ያጥቡ፣ በማግስቱም በእንጨት ምድጃ ባጋሉት ከባድ የብረት ካውያ በበጋው ሐሩር ሲተኩሱ ይውሉ ነበር። የአካባቢው ተወካይ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሊንደን ጆንሰን፣ ጉዳዩን እስከ ሩዝቬልት አድርሰው መስፈርቱን አስነሡ፤ የፔደርናሌስ ማኅበር መስመር በ1939 በራ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ እርሻዎች ከ10 ዘጠኙ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ሆነው ነበር።

የጎረቤት ኬንያ ልምድ ደግሞ ወደ እኛ ሁኔታ ይቀርባል። ከትራንስፎርመር በ600 ሜትር ውስጥ ያለ የገጠር ቤት ለመቀጠል 35,000 የኬንያ ሽልንግ ይጠየቅ ነበር። ኬኔት ሊ፣ ኤድዋርድ ሚጌልና ካትሪን ዎልፍራም የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኬንያ 150 መንደሮች ውስጥ ዋጋውን እየቀያየሩ ፈተኑት። በሙሉ ዋጋ የተቀጠለ የለም ማለት ይቻላል፤ ከግማሽ በላይ ሲቀነስ ከ4 አባወራዎች አንዱ ያህል ገባ፤ በነፃ ሲሆን ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ቁጥር ተቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ክፍያውን ወደ 15,000 ሽልንግ አወረደው፤ በየጊዜው ተቆራርጦ እንዲከፈልም ፈቀደ።

ጥናቱ ግን ሌላም መራር ነገር አሳይቷል። ቤቶቹ ለመክፈል የፈቀዱት ሁሉ ቢደመር መስመሩን ለመዘርጋት ከወጣው እጅግ ያነሰ ነበር። ድጎማ ገንዘብ ነው፤ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. የ2019ኙ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር እስከ 2025 ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ግቡ አልተመታም። ክፍፍሉ ግን ዛሬም ትክክለኛ ነው። ተራራ ላይ ብቻውን ላለ ቤት የፀሐይ ኃይል ማቅረብ ኪሎ ሜትሮች ሽቦ ከመጎተት ይረክሳል።

ታንጊ በርናርድና ማክሲሞ ቶሬሮ በኢትዮጵያ ገጠር ያካሄዱት ጥናትም አለ። ለአንዳንድ አባወራዎች ከመቀጠያው ክፍያ 10 ወይም 20 በመቶ የሚቀንስ ኩፖን በዕጣ ሰጡ። ቅናሹ መጠነኛ ቢሆንም ብዙዎችን አነቃቃ፤ አንዱ ሲቀጠል ደግሞ ጎረቤቱ የመቀጠል ዕድሉ ጨመረ። የገጠር ሰው መብራት አይፈልግም የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የሚያግደው በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ከአገልግሎት ሰጪው የሚጠበቀው ግልጽ ነው። አንድ መንደር ሲያመለክት ተመኑን ለየቤቱ ሳይሆን ለመንደሩ ያውጣ፣ የሒሳቡንም ዝርዝር በቀበሌ ይለጥፍ። ክፍያው የቤት ውስጥ ዝርጋታን ጨምሮ ከወር ሂሳብ ጋር በዓመታት ይከፋፈል፤ የከፍተኛው ክፍያ ወቅትም የመኸር ማግስት ይሁን። መስመር የማይደርስላቸው ቤቶችም ከወዲሁ በግልጽ ይነገራቸው፤ ሌላ አማራጭ ይፈልጉ ዘንድ መብታቸው ነውና።