በጉባኤ ፊት መቆም



በየመሥሪያ ቤታችን ይህን ሳናስተውል አንቀርም። ትምህርቱን በመልካም ውጤት የፈጸመ ወጣት ይቀጠራል፤ ጽሑፉ ንጹሕ፣ ሥራው የተጣራ ነው፤ ዳሩ ግን በስብሰባ ላይ ሐሳብህን ግለጽ ሲባል አንገቱን ይደፋል። ወላጆቹ «በራስህ ተማመን» እያሉ ሳይመክሩት አልቀሩም። ምክር ግን ብቻውን ምን ያደርጋል? ሰው በራሱ የሚተማመነው ከባዱን ነገር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሲወጣው ነው።

ደብረ ወርቅ ባለችበት በጎጃም ምድር፣ በዲማ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ይህ ከጥንት የታወቀ ነበር። ተማሪው ከእናቱ ቤት ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ያገኙትንም ቁራሽ በአንድነት ይቋደሳሉ። ቀን ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በጓደኞቹ መካከል ለመምህሩ ይነግራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስና ከዚያም እስኪያልፍ ድረስ፣ ስሕተቱ ሁሉ በሰው ፊት ይታረማል። ዛሬ የታረመውም ነገ አዲስ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያቀናል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው፤ ዓይን አፋሩ ልጅ ሌላውን ሲያቀና የራሱ ፍርሃት ይለቀዋል።

በባሕር ማዶም ኩርት ሃን የተባለው መምህር በ1941 እ.ኤ.አ. በዌልስ ጠረፍ በአበርዶቪ ወጣቶችን በቡድን በባሕርና በተራራ ጉዞ የሚፈትን ትምህርት ቤት አቋቁሟል። ሐሳቡ ለቆሎ ተማሪ አገር እንግዳ አይደለም።

ዛሬም በደብረ ወርቅና በመሰሏት ከተሞች ከገጠር የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከወላጅ ቤት እየተሸከሙ ይማራሉ። እንግዲህ ችግሩስ አለ፤ የጎደለው ጉባኤው ነው። ችግር መሪ ካጣ ይሰብራል እንጂ አያጠነክርም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ በግዴታ ከዘመቱት ተማሪዎች መካከል የጠነከረም የተሰበረም ነበር።

ስለዚህ መምህራን በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ድርሰት በጓደኞቹ ፊት እንዲያነብ ቢያደርጉ፣ የሚሳለቀውም ቢገሠጽ፣ የ12ኛው ክፍል ተማሪ ለ9ኛው አስነጋሪ ቢሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዕረፍትም ጊዜ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈውን ጮቄን፣ የደከመውን ሳይተዉ፣ ከመምህራቸው ጋር በአንድነት ይውጡት። እኛ የከተማ ወላጆችም የትምህርት ቤቱ ጉዞ ሲመጣ «ልጄን ይበርደዋል» ብለን አናስቀረው፤ ጋቢ ደርበን እንላከው።