የሚንቀጠቀጠውን እጅ ያሳረፈ ጥበብ



ዛሬ የሕክምናን ማዕረግ የተቀበላችሁ ልጆቼ፤ ልነግራችሁ የመረጥሁት ስለ አሊም ሉዊ ቤናቢድ ነው። ይህ ሰው አልጄሪያዊ ከሆነ ሐኪም በፈረንሳይ አገር ተወልዶ፣ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ላይ የፊዚክስን ሊቅነት ጨምሮ፣ ዕድሜውን በግሬኖብል ከተማ ለድውያን የሰጠ ነው።

እርሱ ሥራውን በጀመረበት ዘመን መድኃኒት ያልበገረውን መንቀጥቀጥ ለማስታገሥ፣ ሐኪሙ የራስ ቅልን በስቶ ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ጥቂቱን በሙቀት ያጠፋ ነበር፤ ይሁን እንጂ የጠፋው አይመለስምና፣ በግራም በቀኝም ቢደረግ አንደበትን እስከ ማሰር ይደርሳልና፣ አስቀድሞ በቀጭን ሽቦ የኤሌክትሪክ ኃይል ሰድዶ ስፍራውን ይመረምር ነበር። ታማሚው እንደ ነቃ እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ፍተሻው ለብዙዎች ስፍራን ከማረጋገጥ ያለፈ ነገር አልነበረም።

ቤናቢድ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 የኃይሉን ምት ከዝግታ ወደ ፍጥነት እያሳደገ ሲመለከት፣ በሰከንድ 100 ያህል ሲደርስ የታማሚው እጅ ጸጥ አለ፤ ኃይሉ ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ተመለሰ፤ ሲለቀቅም ዳግመኛ ጸጥ አለ። እኔ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ይህን ዐይን ነው፤ ሌላው አይቶ የሚያልፈውን እርሱ ቆሞ ጠየቀው፣ ሳያጠፉ መግታት እንደሚቻልም ከዚያ ተረዳ።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ይህ ግኝት ሕክምና የሆነው በሰውነት ውስጥ ተቀብሮ ኃይሉን ሌሊትና ቀን በሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውም ቀድሞውኑ የተሠራው ለጽኑ ሥቃይ ማስታገሻ ነበርና፣ ሥቃይን ሲመረምሩ የኖሩ ሊቃውንት ድካም እጅን ለሚያንቀጠቅጠው ለፓርኪንሰን ደዌ ሕሙማንም ደረሰ። በ1990 በአሜሪካ እነ ማህሎን ዴሎንግ፣ ከታላመስ በታች ያለችውን ጥቂት የሴሎች ክምችት በጦጣዎች ላይ መርምረው መንገዱን ስላመለከቱ፣ ቤናቢድ ከባልንጀራው ከነርቭ ሐኪሙ ከፒየር ፖላክ ጋር በ1993 ሕክምናውን ወደዚያች ስፍራ አሻገረው። በ2014 ላስከር የተባለውን የሕክምና ሽልማት ከዴሎንግ ጋር መካፈሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ተገቢ ፍርድ ነው።

ሕክምናው ግን ደዌውን አይፈውስም፤ እጁ ቢያርፍም ደዌው የሚያመጣው የአንጎል ሴሎች ሞት ይቀጥላል። ፈጣኑ ምት የሚሠራው በሚደርስበት ስፍራ ያሉትን ሴሎች ዝም በማሰኘት ይሁን፣ የታወከ ምታቸውን በመበተን ይሁን፣ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከመካከላችሁ የነርቭን ጥበብ የሚመርጥ ቢኖር፣ ይህ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል።