የግፊት ክኒንና የቫይረሱ በር

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ታክሲ ነጂዎች ሐኪሞች አይደለንም። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የረገጥነውም ብንሆን ባዮሎጂውን ከመሪ ጋር ስንታገል ብዙውን ረስተነዋል። ሆኖም እዚህ ሴንት ጄምስ ታውን በየፎቁ ቡና ላይ ስንቀመጥ ዛሬም ድረስ ያልጠፋ አንድ ወሬ እንሰማለን፤ «የግፊት ክኒን ለኮሮና በር ይከፍታል» ይባላል። ይህን ሰምተው ክኒናቸውን የተዉ ሰዎች እናውቃለን። ክኒኑን መተው ደግሞ ለስትሮክ ያጋልጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ የግድ ሕዋስ ውስጥ መግባት አለበት። የኮሮና ቫይረስ በላዩ እንደ እሾህ ያለ ነገር አለው። በአፍንጫችንና በሳንባችን ሕዋሳት ላይ ደግሞ ኤሲኢ-2 የሚባል ፕሮቲን አለ። እሾሁ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ የገዛ ራሳችን ኢንዛይም እሾሁን ይቆርጥለትና ቫይረሱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቶሮንቶን ያስጨነቀው፣ በካናዳ 44 ሰዎች የገደለው ሳርስም የሚገባው በዚሁ በር ነበር።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል የሚገቱት ኤሲኢ የተባለውን ነው፤ እሱ የበሩ ዘመድ ነው እንጂ በሩ አይደለም። ነገር ግን በእንስሳት ላይ በተደረጉ አንዳንድ ሙከራዎች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በሩን ሲያበዙ በመታየታቸው በ2020 መጀመሪያ ሐኪሞችም ሳይቀሩ ሠጉ። ሥጋቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ግን ተጣራ። በኒው ዮርክ የ12,594 ተመርማሪዎች መዝገብ ሲታይ፣ ክኒኑን የሚወስዱት በቫይረሱ ይበልጥ ተይዘው አልተገኙም። በብራዚልም በኮሮና ሆስፒታል የገቡ 659 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን ክኒኑን ለ30 ቀን አቆመ፤ ማቆሙ ምንም አልጠቀመውም።

ክሎሮኪንስ? ያ ለወባ የምናውቀው መድኃኒት በጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ላይ ሲሞከር ቫይረሱን አገደ፤ ዓለም ሁሉ ጮቤ ረገጠ። የኩላሊቱ ሕዋስ ግን ቫይረሱን የሚከፍትለት ውስጥ ካስገባው በኋላ፣ በአሲድ ኃይል ነው። ክሎሮኪን ደግሞ አሲዱን ያበርዳል። የሰው ሳንባ ሕዋስ ከደጁ ባለው ኢንዛይም ስለሚከፍት መድኃኒቱ እዚያ ዋጋ አጣ። በ2020 እንግሊዝ አገር የክሎሮኪንን ወንድም፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን፣ የተሰጣቸው 1,561 ሕሙማን ካልተሰጣቸው የተሻለ አልዳኑም።

አንድ ነገር እንጨምር። ኤናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ያ የክኒኑ ጠባይ ነው፤ ሐኪሙ ሲነገረው ሌላ ዓይነት ይለውጣል። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ እናቶች ካላችሁ ከእኛ ተረኛ የሆነው ክሊኒክ ያደርሳችኋል፣ ገብቶም ያስተረጉማል። ሒሳብ አንቀበልም፤ ቡና ካለ ግን እንጠጣለን።