በአንድ ድስት የሚሠራ የዶሮና የሩዝ ራት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በሥራ ቀን ምሽት በብዙ ቤት የሚሆነውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልም ሚስትም ከሥራ የሚገቡት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተው ራት ይጠብቃሉ፤ ሽንኩርቱ ግን ገና አልተላጠም። ወጡ እስኪደርስ ታናሹን ልጅ በተቀመጠበት እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እናቲቱም ሁሉ በልቶ ከተነሣ በኋላ ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ ቆማ ትጎርሳለች። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ምግብ አሠራር ቢሆንም፥ ዋናው አሳቡ ቤተ ሰብ በአንድነት በገበታ ዙሪያ ስለ መቀመጡ ነው።

ዶሮ ወጥ የክብር ምግባችን መሆኑን የሚክድ የለም። አሥራ ሁለቱ ብልት ተለይቶ፥ ሽንኩርቱ በዝግታ ተቁላልቶ የሚቀርበው፥ በዓል ለዚህ የሚሆን ጊዜ ስላለው ነው። ማክሰኞ ማታ ይህንኑ ክብር ብንሻ ግን፥ ዋጋውን የምናስከፍለው ውላ የደከመችውን ሴት ነው። ስለዚህ ለሥራ ቀን ሌላ መላ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዶሮውና ሩዙ በአንድ ድስት አብረው የሚበስሉበት ራት ነው። ሩዝም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ ገበሬዎቻችን ያመርቱታል።

ለአምስት ሰው የሚበቃው መስፈሪያ ይህ ነው፤ 1 ኪሎ ያህል የዶሮ ብልት፥ 2 ኩባያ ሩዝ፥ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፥ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፥ 2 ቲማቲም፥ 2 ካሮት፥ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፥ ጥቂት ኮረሪማና ጨው።

በመጀመሪያ ዶሮውን ጨው ነስንሳችሁ፥ በጋለ ዘይት ሁለቱንም ወገን እያገላበጣችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል አቅልታችሁ አውጡት። በዚያው ድስትና በዚያው ዘይት ሽንኩርቱን 5 ደቂቃ አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን፥ እርዱን፥ ቲማቲሙንና ካሮቱን ጨምሩ። ከድስቱ ቂጥ የተያያዘውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ ፋቁት እንጂ አትጣሉት፤ ጣዕሙ ያለው በእርሱ ነውና። ከዚህ በኋላ ዶሮውን መልሳችሁ፥ 3 ኩባያ ተኩል የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ፥ ከድናችሁ 10 ደቂቃ አንተክትኩት። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ የታጠበውን ሩዝና ኮረሪማውን ጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉ፤ ሲፈላ እሳቱን እጅግ ቀንሳችሁ ክዳኑን ግጠሙ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ካወረዳችሁትም በኋላ ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ አሳርፉት። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ያልቃል፤ እጃችሁ የሚያዘው ግን ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሆንም።

አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ አገር የምትኖሩ አንድ ነገር አስተውሉ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሩዙ የሚዘገየው ስለዚህ ነውና፥ ግማሽ ኩባያ ውሃና ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። የሐበሻ ዶሮም ሥጋው ጠንካራ ስለ ሆነ አስቀድሞ ለብቻው ብዙ መቀቀል ይሻል፤ ለሥራ ቀን የሚመቸው የፈረንጅ ዶሮ ነው።

እኔ ራሴ ይህን ራት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ፥ ትዕግሥት አጥቼ በየሁለት ደቂቃው ክዳኑን እገልጥ ነበር። እንፋሎቱ በከንቱ ስለ ወጣ የላይኛው ሩዝ ጥሬ ቀረ፤ የታችኛውም አረረ። ልጄ አንድ ጊዜ ቀምሳ፥ «አባዬ፥ ይህ ቆሎ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳን መግለጥ ትቻለሁ።

ስለ ጤንነት ሁለት ነገር ላሳስብ። ዶሮን በሎሚና በጨው ማጠብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ የሚገድለው እሳት እንጂ ሎሚ አይደለም። ከቧንቧ ሥር ሲታጠብ የሚረጨው ውሃ ተሕዋሱን ወደ ሰላጣውና ወደ ዕቃው ያዛምተዋልና፥ ማጠብ ካለባችሁ በሳፋ ውስጥ በጥንቃቄ ይሁን፤ እጃችሁን፥ ቢላዋውንና መክተፊያውንም ወዲያው በሳሙና እጠቡ። ሁለተኛም፥ የተረፈ ሩዝ በድስቱ እንዳለ ከምድጃው ላይ አይደር። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ተሕዋስ ዘሩ ከመቀቀል ተርፎ ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ይራባል፤ የሚተፋውም መርዝ እንደገና ቢሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ትርፉን ፈጥናችሁ አቀዝቅዛችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩት፤ በማግሥቱም በሚገባ አሙቃችሁ ብሉት።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ፥ በዶሮው ፈንታ የተቀቀለ ሽምብራ ብታደርጉ አሠራሩ ያው ነው።

በመጨረሻ ቃሌ ለአባቶች ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንዱ ሽንኩርት ቢከትፍ፥ ሌላው ሩዝ ቢያጥብ፥ ልጆችም ሳህን ቢያቀርቡ፥ ድስቱ አንድ ነውና የሚታጠበውም አንድ ነው። ወንድ ልጅ ድስት መንካቱ ክብሩን አይቀንስበትም፤ የሚያዋርደውስ ሚስቱ ደክማ ቆማ ስትበላ እያየ ዝም ማለቱ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት እንኳ ታናሹ ልጅ ሳይተኛ በልቶ፥ እናቱም ከሁሉ ጋራ በገበታው ተቀምጣ ከጎረሰች፥ ንግግሬ በከንቱ አልቀረም።