የመንገድ ወረቀትና የክትባት ፈቃደኝነት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ ክትባት ነው። ዳሩ ግን ክትባት ለጤና መጥቀሙን ለማስረዳት አይደለም፤ ይህንንስ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የምናገረው ሰው ክንዱን ለመርፌ እንዲሰጥ፣ ወይም እንዲሸሽ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ነው። በተለይም የመንገድ ደንብና የምርመራ ዋጋ በዚህ ፈቃድ ላይ ያላቸውን ኃይል ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዬንም የማመጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ነው።

ሐይቅ ሲባል ብዙ ሰው የእስጢፋኖስን ገዳም ያስባል፤ አምባሰልና ውጫሌ ሲባልም የ1881 ዓ.ም.ን ውል ያነሣል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከዚያ አገር እጅግ ብዙ ወጣት፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄዱ ነው። ወደ መካ ለሐጅ የሚጓዘውም ሰው ከወሎ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ለአንድ የሐይቅ ገበሬ ቤተ ሰብ የሪያድ ወይም የጅዳ ሹም የሚያወጣው ደንብ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በጓዳው ገብቶ የሚያዝዝ ነገር ነው።

አስቀድመን ወጪውን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥሩ 923 የሆነው፣ የመንገደኛውን ወጪ ለሁለት ከፈለው። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን በአሠሪው ላይ አደረገ። የፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውንና የክትባቱን ግን በሠራተኛው ላይ ጣለ። ሕጉን ላወጡት ሰዎች ይህ ክፍፍል ለሠራተኛው የሚያደላ ነበር፤ ትልቁን ዕዳ አንሥቶለታልና። ነገር ግን ትንሹ ዕዳ የሚከፈለው ልጅቱ አንዲት ብር ደመወዝ ሳታገኝ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከተሸጠ ከብት ወይም ከዘመድ ብድር ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ክትባት የሚለው ቃል በፓስፖርትና በፎቶግራፍ መካከል ከተጻፈ ወጪ ጋር አንድ ሆኖ ይታወቃል። ይህን ነገር እባካችሁ ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ላይ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ የካቲት 28 ቀን፣ ወደ 2 ሚሊዮን 184 ሺህ የሚሆን የአስትራዜኔካ ክትባት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ገብቶ ነበር። ይህ ለሕዝብ ይሰጥ የነበረው በነፃ ነው። የመንገደኛ ምርመራ ግን በነፃ አልነበረም። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የምርመራ ወረቀት እንዲያሳይ ታዞ ነበር፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም 72 ሰዓት ብለው ወሰኑ።

እስቲ 72 ሰዓት ማለት ለሐይቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናስላ። ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በአውቶቡስ ሲኬድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ለመንገደኛ ወረቀት የሚሰጡት ላቦራቶሪዎች ደግሞ በብዛት የሚገኙት በዋና ከተማ ነበር። ምርመራው የሚደረገው በበረራው ዋዜማ ነውና ልጅቱ አስቀድማ መጥታ አልጋ መያዝ፣ ወይም ዘመድ ቤት ማረፍ ነበረባት። በረራው ቢዘገይ ወረቀቱ ይሞታል፤ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ አዳር ይከተላል። ስለዚህ የምርመራ ዋጋ በላቦራቶሪው መስኮት የሚከፈለው ብቻ አይደለም። በከተማ ለምንኖር ለእኛ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቀን የምንጨርሰው ነገር ለእነርሱ የሳምንት ወጪ ነበር።

እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ተከትቦ ከዚህ ሁሉ መገላገል አይሻልምን? ይህን ጥያቄ መንግሥታትም ጠይቀውታል። በፈረንሳይ አገር ፕሬዚዳንት ማክሮን ሐምሌ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ያልተከተበና ያልተመረመረ ሰው ወደ ምግብ ቤትና ወደ ረጅም መንገድ ባቡር እንደማይገባ፣ እስከዚያም ጊዜ በነፃ የነበረው ምርመራ በመጸው ወራት በክፍያ እንደሚሆን ተናገሩ። በአንድ ቀን ብቻ ከ900 ሺህ የሚበልጥ ሰው ለክትባት ቀጠሮ ያዘ። ጣሊያንም ከጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ የጤና ወረቀት ሳይዝ ሥራ እንዳይገባ አዘዘች፤ ክትባቱ በነፃ ሲሆን ያልተከተበው ግን በየሁለት ሦስት ቀኑ ለፋርማሲ 15 ዩሮ እየከፈለ እንዲመረመር ተፈረደበት። ጀርመን ደግሞ ነፃውን ምርመራ በጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አቁማ፣ በሽታው ሲበረታ በኅዳር 4 ቀን መልሳ ፈቀደችው። በወሩ! በመሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለውን መመሪያ የሚሽር መመሪያ እናውቀዋለን።

ሜሊንዳ ሚልስና ቶቢያስ ሩተናወር የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ስድስት አገሮችን አመሳክረው ባወጡት ጥናት፣ የወረቀቱ ግዴታ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በስዊስና በእስራኤል የተከታቢውን ቁጥር ከፍ እንዳደረገ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ግን ይህን ያህል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይተዋል። ኃይሉ የበረታው ቀድሞ የተከተበው ሰው ጥቂት በነበረበት አገር ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ደንብና ዋጋ አመንቺውን ሰው ሊገፉት እንደሚችሉ ነው።

ነገር ግን ይህ መግፊያ የሚሠራው በሩ በእውነት የሚከፈት ሲሆን ነው። የእኛ መንገደኛ የገጠመው ሌላ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን መንገደኛ አገደች፤ እገዳውም የተነሣው በየካቲት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ስምንት ወራት የአምባሰል ልጅ ብትከተብም ባትከተብም በቀጥታ መሄድ አትችልም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሐጅ ለውጭ ሰዎች በተከፈተ ጊዜ፣ ሐጃጁ ዕድሜው ከ65 በታች እንዲሆን፣ እንዲከተብ፣ በዚያም ላይ በ72 ሰዓት ውስጥ የተደረገ የፒ.ሲ.አር. ምርመራ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ሁለቱም ከተጠየቁ ክትባቱ የምርመራውን ወጪ አያስቀርም። ታዲያ ያ የፈረንሳዩ ስሌት እዚህ ላይ ምን ይሆናል? ወጪው እንዳለ ይቀራል፤ ክትባቱም ሌላ ተጨማሪ ግዴታ ሆኖ ይታያል።

ከዚህም የከፋ አለ። ወደ እኛ የመጣው የመጀመሪያው አስትራዜኔካ የተሠራው በሕንድ ሲሆን ስሙ ኮቪሺልድ ይባል ነበር። በአውሮፓ ከተሠራው አንድ ዓይነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ፈቅዶታል። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የክትባት ወረቀቱን ሥራ ላይ ሲያውል ኮቪሺልድ በኅብረቱ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከጸደቁት ውስጥ ስላልነበረ በዝርዝሩ አልገባም። የአፍሪካ ኅብረት ተቃውሞውን አሰማ፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታትም በኋላ እያንዳንዳቸው ተቀበሉት። ሆኖም ወሬው ደርሶ ነበር። «የእኛው ክትባት እነርሱ ዘንድ አይቆጠርም» የሚል ቃል ከአንድ አፍ ከወጣ በኋላ በማስተባበያ አይመለስም። በእኔ አስተያየት በዚያ ክረምት በአንድ የጉዞ ዝርዝር የጠፋው እምነት፣ መቶ የሬዲዮ ንግግር ከሚያመጣው ይበልጣል፤ የራሴንም ጨምሬ ነው የምናገረው።

እንግዲህ ወደ ሐይቅ ቤት እንመለስ። ልጅቱ ተከትባ ሄደች እንበል። እናትየውስ? አያትየውስ? በሽታው ይበልጥ የሚያሰጋው ለእነርሱ ነው፤ እነርሱ ግን አይጓዙም። ክትባቱን ሲያውቁት ከፓስፖርት ጋር ነው፤ ፓስፖርት የማያወጣ ሰው ምን አድርጎ ይከተባል? መግፊያው በመንገድ ላይ ብቻ ከቆመ ቤት የቀረውን አይነካውም። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም እዚያው ቆየ። የጤና ጣቢያ ንብረት ተዘርፎ፣ ሐኪሙ ከሕዝቡ ጋር ተሰድዶ ሳለ፣ ሌላው አገር በኅዳር ወር ሰፊ የክትባት ዘመቻ ጀመረ። ያን ጊዜ የወሎን ሰው «ለምን አልተከተብክም» ብሎ መውቀስ የማይገባ ነው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይነግረናል። የፈንጣጣ ክትባት ወረቀት በዓለም አቀፍ ደንብ ለመንገደኛ የተወሰነው በ1943 ዓ.ም. ነው። ለትምህርት ወደ ውጭ የተላኩ የዚያን ዘመን ወጣቶች ደብተሩን በደረት ኪሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያው ሥራ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ የሚበልጥ በሽተኛ ተገኘ። መንገደኛው ሁሉ ተከትቦ ሳለ አገሩ ታምሞ ነበር ማለት ነው። በጎጃምና በሸዋ ደጋ ብዙ ሰው የአባቱን ዘዴ፣ ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ መከተብን፣ መርጦ ከመንግሥቱ ከታቢ ይሸሽ ነበር። ያን ሰው ያሸነፈው የትኬት ደንብ አልነበረም፤ ከታቢው በእግሩና በበቅሎ ተጉዞ፣ ከሽማግሌ ጋር ተቀምጦ፣ በነፃ መከተቡ ነው። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ ታየ።

የማጅራት ገትርም እንዲሁ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ1979 ዓ.ም. ሐጅ ላይ ከተነሣው ወረርሽኝ ወዲህ ሐጃጁ ሁሉ እንዲከተብ ታዝዛለች፤ የወሎ ሐጃጅም ይህን ያለ ክርክር ይፈጽማል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት የማጅራት ገትር ክትባት በዘመቻ፣ በነፃ፣ በየሰፈሩ ሲሰጥ፣ የትም የማይሄደው ሕዝብ በብዛት ወጥቶ ተከተበ። ማንም ቪዛ አልከለከለውም፤ ማንም ክፍያ አላስፈራራውም። መርፌው ወደ እርሱ መጣ፤ በዚያ በሽታ የሞተ ዘመድም ያውቅ ነበር።

እኔ የመንገድ ደንብን አልነቅፍም። በሽታ በአውሮፕላን እንደሚሄድ የታወቀ ነው። የምነቅፈው ደንቡ ብቻውን ሥራውን ይሠራል ብሎ መተማመንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴም በጥር 2014 ዓ.ም. የክትባት ወረቀት ብቸኛ የጉዞ ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆን መክሯል፤ ክትባቱ በእኩል ላልተዳረሰበት ዓለም ይህ ፍርደ ገምድል ነውና። የኮሮና አስቸኳይ ጊዜም በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አበቃ፤ ሌላ በሽታ መምጣቱ ግን አይቀርም፤ ሌላ ደንብም።

ስለዚህ በጤና፣ በሠራተኛ ጉዳይና በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያላችሁ አድማጮቼ፣ በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። የመንገደኛ ክትባትና ምርመራ በደሴና በኮምቦልቻ ሊሰጥ ሲችል ሰውን አዲስ አበባ ድረስ አታስመጡ። ልጅቱ ለጉዞ ስትከተብ ነርሷ «እናትሽንም ነገ ይዘሻት ነዪ» ብትላት ለመንግሥት ምንም አያስወጣም። የትኛው ክትባት በየትኛው አገር እንደሚታወቅ አስቀድማችሁ በግልጽ ለጥፉ፤ ሰው ከተከተበ በኋላ እንዳይሰማው። የገንዘብ ደረሰኝም ስጡ፤ ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ብር ሁሉ ደላላ የሚያድርበት ቤት ነው።

አንድ የቀረኝ ትንሽ ነገር አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቀድሞ የተሰጠውም ወረቀት ቢሆን። አሮጌ ደብተር ይዞ በመስኮታችሁ የሚቀርብ የውጫሌ ሰው ቢኖር፣ ቀኑ አልፏል ብላችሁ ለሁለተኛ መርፌና ለሁለተኛ ክፍያ አትመልሱት።