ከቅየሳው በፊት
(በቆሰበር ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



እኛ መሐንዲሶች የቱቦውን ስፋትና የምንጩን ፍሰት እንለካለን እንጂ እንስራ የምትሸከመውን እናት አንጠይቅም። እኔም ሳልጠይቅ የሠራሁት አንድ ቦኖ ዓመት ሳይሞላው ጠባቂ አጥቶ ተሰብሮ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተጀመረውና ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2004 በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ግለሰብን ከቤተሰቡ፣ ቤተሰብንም ከመንደሩ ሳይነጥል ይመረምራል። እዚሁ በአገራችን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። እንግዳው የጥር 23ን ትዕይንት ያደንቃል፤ ማኅበሩ ግን ለቅሶ ይደርሳል፣ የተጣላም ያስታርቃል። የውኃ ኮሚቴ ስናቋቁም ይህን አደረጃጀት ስለ ምን አናጠናም? እርግጥ ማኅበሩ በአብዛኛው የወንዶች ነው፤ ታዲያ ውኃ ቀጂዋ በየት በኩል ትናገር?

ስለዚህ በመጪው ዕቅዳችን ከቅየሳው በፊት የሶሻል ወርክ ባለሙያ ከእኛ ጋር ቤት ለቤት እንዲዞር፣ ወጪውም በበጀቱ እንዲያዝ አሳስባለሁ።