ስለ ደም ብዛት መድኃኒት ጥቂት ቃል



ኤናላፕሪል ለደም ብዛት መልካም መድኃኒት ነው። የደም ሥርን የሚያጠብበው አንጂዮቴንሲን ሁለት እንዳይበዛ በማድረግ ግፊቱን ይቀንሳል። ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ቢዋጥ ለውጥ የለውም። ታዲያ የሚያሰጋው ምንድን ነው? አብሮት የሚዋጠው ነው።

አንደኛ፤ ጉልበቱን ያመመው አባት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ የኤናላፕሪልን ኃይል ያደክማሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ሲታከልበት አደጋው ይከፋል።

ሁለተኛ፤ ኤናላፕሪል ፖታሲየምን በደም ውስጥ ያስቀራል። ስለዚህ በገበታ ጨው ፈንታ የሚሸጠው የፖታሲየም ጨው፥ ወይም ያለ ሐኪም ክትትል የሚዋጥ ስፒሮኖላክቶን፥ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ኩላሊቱ የደከመና ስኳር ያለበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛ፤ ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ከንፈር ወይም ምላስ ቢያብጥ መድኃኒቱን ትቶ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ከዚህ በቀር ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

እንግዲህ ፊደል የቆጠርን ልጆች፥ የወላጆቻችንን ክኒኖች ሁሉ በአንድ ከረጢት ሰብስበን ለሐኪም ወይም ለመድኃኒት ቀማሚ እናሳይ። ይህን ለማድረግ ዲግሪ መጠበቅ አያሻም።